ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ ፖሊሲ አማካሪነት፦ ለጎጃም ወጣት ባለሙያዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የመንግሥት ፖሊሲ አማካሪ ዋና ሥራ፣ ላይ የሚወሰን ነገር ታች ቀበሌ ሲደርስ ምን መልክ እንደሚይዝ ከውሳኔው በፊት ለወሳኙ ማሳየት ነው። ጥናት ማጠናቀር፣ ንግግር ማዘጋጀትና ስብሰባ መከታተል ከሥራው ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ሆኖም እነዚህን ብቻ የሚሠራ ሰው ማዕረጉ አማካሪ ቢሆንም ምክር እየሰጠ ነው ለማለት ያስቸግራል። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር በየመሥሪያ ቤቱ የሚያገለግሉ ብዙ ወጣቶች ይህን ሙያ ለአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ የተሰጠ አድርገው ይመለከቱታል። የእኔ እምነት የተለየ ነው። ጎጃም ውስጥ በወረዳ ሥራ የታሸ ባለሙያ ለዚህ ሙያ ከሚያስፈልገው ዕውቀት ከባዱን ግማሽ ይዞ ነው የሚነሣው፤ የሚቀረው ያንን ዕውቀት ወሳኙ ሰው ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ማቅረብን መማር ነው።

1. በየትኛው በር እንደሚገቡ ይወስኑ

ወደ አማካሪነት የሚያስገቡት በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሹመት ነው። ሚኒስትሩ፣ ርዕሰ መስተዳድሩ ወይም የቢሮ ኃላፊው የሚያምኑትን ሰው ይመርጣሉ፤ ተመራጩም እንደ ቦታው በሚኒስትር ዴኤታ ወይም በቢሮ ኃላፊ ማዕረግ ሊሠራ ይችላል። እንዲህ ያለው አማካሪ ከሿሚው ጋር መጥቶ ብዙ ጊዜ ከሿሚው ጋር የሚሄድ ነው። ሁለተኛው በር የመንግሥት ሠራተኝነት ነው። በዕቅድና በጀት፣ በፖሊሲ ጥናት፣ በሕግ ወይም በክትትልና ግምገማ መደብ ላይ በውድድር ተቀጥረው ከጀማሪ ባለሙያነት እስከ ከፍተኛ ባለሙያነትና ከዚያም በላይ በደረጃ ዕድገት ይወጣሉ።

በሁለተኛው በር እንዲጀምሩ እመክራለሁ። በሹመት የገባ ሰው የሚያውቀው ነገር ከሌለው የሚናገረው ሿሚው ሊሰሙ የሚፈልጉትን ብቻ ይሆናል፤ በሙያው የወጣ ሰው ግን ኋላ ሹመት ቢመጣለት የሚቆምበት መሬት አለው፤ ሹመቱ ቢነሣም ወደ ሙያው ይመለሳል።

2. ትምህርቱን ለሥራው ይምረጡት

ለዚህ ሙያ የተለየ አንድ የትምህርት ዘርፍ የለም። ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ፣ የሕዝብ አስተዳደር፣ ስታቲስቲክስ ሁሉም ያስገባሉ። በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ወይም በኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ አንዱን መማር ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና የሚወስድ በመሆኑ መሠረታዊ ትምህርቶቹን በሚገባ መያዝ ግዴታ ሆኗል። ከዲግሪው ጎን ለጎን ግን ሁለት ነገሮችን በራስዎ ጥረት ያሟሉ፤ አንደኛው ሠንጠረዥን አንብቦ ስሕተቱን የማግኘት ችሎታ፣ ሁለተኛው ጥርት ባለ አማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን ከጥቂት ዓመታት ሥራ በኋላ ቢያደርጉት የመመረቂያ ጽሑፍዎ ርእስ ከሥራ ጠረጴዛዎ ላይ ይገኛል፤ ይህም ከሌላ ሰው ጽሑፍ ከተቀዳ ርእስ እጅግ የተሻለ ነው።

3. በወረዳ ይጀምሩ፣ በወረዳም ይቆዩ

ብዙ ሰው ወረዳን መሸጋገሪያ ብቻ አድርጎ ያያል፤ በተቀጠረ ማግሥት የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። ይህ ትልቅ ሀብትን መጣል ነው። መንግሥት የሚባለው ነገር ሁሉ ገበሬውንና ነጋዴውን የሚያገኘው በወረዳ ጽሕፈት ቤት በኩል ነውና፣ መመሪያ የት ላይ እንደሚሰናከል የሚታየውም እዚያው ነው።

ከተቻለዎት የዕቅድና በጀት ሥራን ወይም ከግብርና፣ ከመሬት አስተዳደርና ከገቢዎች አንዱን ይምረጡ። እዚያ ሳሉ የሚከተሉትን በተግባር ይማሩ። በመጀመሪያ የዓመቱን ዑደት ይወቁ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ሐምሌ ደግሞ ገበሬው በዘርና በእርሻ የተጠመደበት ወር ነው። ስለዚህ ለመኸር የሚያስፈልግ ግብዓት ሁሉ ባለፈው በጀት ዓመት ታቅዶና ተገዝቶ ካልቀረበ አዲሱ በጀት ሲለቀቅ ጊዜው አልፏል። ይህን አንድ ነገር በቅጡ ያልተረዳ ሰው የጻፈው የግብርና ፕሮግራም፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ከጥቅሙ ድካሙ ያመዝናል።

ቀጥሎ አንድ መመሪያ ከክልል ወጥቶ በዞን በኩል አልፎ ቀበሌ እስኪደርስ ይከተሉት። ስንት እጅ አለፈ? በየደረጃው ምን ተቀነሰበት፣ ምን ተጨመረበት? የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በመጨረሻ ለገበሬው የነገረው ከመጀመሪያው ሐሳብ ጋር ምን ያህል ይገናኛል? በማስታወሻ ደብተር ቀኑን፣ የደብዳቤውን ጉዳይና የሰሙትን መልስ ይያዙ። ኋላ ክልል ወይም ፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ረቂቅ ሲያነቡ ከሌሎቹ የሚለዩዎት ይህ ማስታወሻ ነው።

በዚሁ ወቅት ከመንግሥት ቀድሞ የሄደ ገበሬ ካለ ልብ ይበሉት። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሩ በአሲዳማነትና በመሸርሸር የተጎዳ ማሳውን ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ እየተከለ፣ ከሰል እያከሰለ፣ ማሳውን መልሶ እያረሰ የራሱን ሥርዓት ዘረጋ። ኋላ ዛፉን በሽታ ሲመታው ደግሞ በአንድ ዝርያ ላይ የተመሠረተ ኑሮ አደጋው ታየ። አማካሪ የሚሆን ሰው ከዚህ ሁለቱንም ይማራል፤ ገበሬው መፍትሔ እንደሚያፈልቅና ከገበሬው አቅም በላይ የሆነ አደጋ ሲመጣ የመንግሥት ድርሻ የት ላይ እንደሚጀምር።

4. ሕጉንና የአገሩን ታሪክ አብረው ያንብቡ

ሥልጣን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የሚሰጠው ምክር የተሳሳተ በር ያንኳኳል። ከ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ቢያንስ አንቀጽ 40ን፣ 51ን፣ 52ንና 77ን ደጋግመው ያንብቡ። አንቀጽ 40 መሬትን ጨምሮ የንብረት መብትን ይደነግጋል፤ አንቀጽ 51 የፌዴራሉን፣ አንቀጽ 52 የክልሎችን ሥልጣን ይዘረዝራሉ፤ አንቀጽ 77 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲ የመንደፍና የማስፈጸም ሥልጣኑን ይገልጻል። የመሬትን ጉዳይ ብቻ ብንወስድ ሕጉን የሚያወጣው ፌዴራሉ ሲሆን በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ከዚያ አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ በምን እንደሚለያዩ፣ ማን እንደሚያወጣቸውና አንዱ በሌላው ላይ ምን ኃይል እንዳለው ይለዩ። የፌዴራል ሕጎች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልል ሕጎች ደግሞ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ይታተማሉ። ከአዋጁ ጋር ለምክር ቤት የሚቀርበውን ማብራሪያ ማግኘት ከቻሉ እርሱን ሳያነቡ አይለፉ፤ ሕጉ ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተጻፈ የሚገልጸው እርሱ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሕጉ ጋር የአገሩን ታሪክ ማወቅ የግድ ነው። በ1960 ዓ.ም የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም የገጠመው ነገር ለማንኛውም አማካሪ ትምህርት ቤት ሊሆን ይገባል። አዋጁ አሥራትን በመተካት ግብሩን በምርት ገቢ ላይ እንዲመሠረት ያደረገና ብዙ ያለው ብዙ እንዲከፍል የታሰበበት ነበር። በወረቀት ሲነበብ ፍትሐዊ ይመስላል። ርስት በሚከበርበት በጎጃም ግን ምርት ሊገምት የመጣ ሰው መሬት ሊለካ፣ መሬት ሊለካ የመጣም ርስት ሊነቅል እንደመጣ ተቆጠረ። በአስተዳደሩ ላይ የነበረው ቅሬታ ተጨምሮበት ሞጣን፣ ቢቸናንና ዳሞትን ያካለለ አመፅ ተነሣ፤ መንግሥትም ጦር አዘመተ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የኖረ ውዝፍ ግብርም ተማረ። የጎጃምን የርስት ሥርዓት የሚያውቅ አማካሪ ረቂቁ ላይ ተቀምጦና ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የግምገማው አሠራር ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ ጋር በ1989 ዓ.ም በክልሉ የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግና ከዚያ በኋላ የመጣውን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሥራ ያጥኑ። ደብተሩ በሙከራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የምሥራቅ ጎጃሙ ጎዛምን ወረዳ ነበር። የባልና የሚስት ስም በአንድ ደብተር ላይ መስፈሩ በቤት ውስጥ ያመጣው ለውጥ፣ ሽግሽጉ ደግሞ የተወው ሥጋት፣ ዛሬም ስለ መሬት በሚነሣ በማንኛውም ስብሰባ ላይ አለ።

5. ቁጥርን ከምንጩ ይመርምሩ

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት አኃዝ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርትና የገበሬው አፍ ስለ አንድ ማሳ ሦስት የተለያየ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ። ገበሬው በጥማድና በቃዳ ይነግርዎታል፤ ሪፖርቱ በሄክታር ይጠይቃል፤ አንዱን ወደ ሌላው የቀየረው ሰው በምን ሒሳብ እንደቀየረው መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ነው። ሪፖርቱ ዕቅዱን ሁልጊዜ በትክክል የሚያሟላ ከሆነ አሰባሰቡን ይመርምሩ። በጸጥታ ችግር ምክንያት መድረስ ያልተቻለባቸው ቀበሌዎች ካሉ ስማቸውን በሰነዱ ላይ በግልጽ ያስፍሩ፤ በግምት የተሞላን ቦታ እንደተለካ አድርጎ ማቅረብ ወሳኙን ሰው ማሳሳት ነው።

6. ሁለት ገጽ የውሳኔ ሰነድ መጻፍ ይማሩ

የሙያው እምብርት ይህ ነውና እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን። የቢሮ ኃላፊ ወይም ሚኒስትር መቶ ገጽ ጥናት የሚያነቡበት ጊዜ የላቸውም። በሁለት ገጽ ምን እንዲወስኑ እንደሚጠየቁ፣ ምን አማራጭ እንዳለና እያንዳንዱ አማራጭ በማን ላይ ምን እንደሚያደርስ ማየት አለባቸው። አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንየው።

በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም እንዲሁም በአዊ ደጋማ ወረዳዎች የአፈር አሲዳማነት የታወቀ ችግር ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነቱ መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ይታሰርና ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ጥቅም ሳይሰጥ ይቀራል። ገብስና ስንዴ ይመታሉ፤ ማሳው ቀስ በቀስ ወደ ባሕር ዛፍ ይዞራል። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እንደሆነ ይታወቃል፤ ድንጋዩም ሩቅ አይደለም፤ በደጀን በኩል ባለው የዓባይ ሸለቆ በብዛት አለ። እንግዲህ ሰነዱን እንዲጽፉ ታዘዙ እንበል።

*ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጀምሩ።* «የአፈር አሲዳማነትን ስለ መከላከል» ብሎ መጀመር ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «በመጪው መኸር ለተመረጡ ወረዳዎች የሚቀርበውን ኖራ የማጓጓዣ ወጪ መንግሥት ይሸፍን ወይስ የኖራውን ዋጋ ይደጉም?» ቢሉ ግን ኃላፊው ከሁለቱ አንዱን የሚመርጡበት ነገር አገኙ።

*ችግሩ የት ላይ እንደሚታሰር ያሳዩ።* ኖራ እንደ ማዳበሪያ በኩንታል የሚታሰብ አይደለም፤ ማሳው በሙሉ እንዲዳረስ ከተፈለገ ለአንድ ሄክታር በቶን የሚቆጠር ይጠይቃል። ስለዚህ ከባዱ ወጪ ከመፍጫው እስከ ማሳው ያለው መንገድ ነው። ኖራው ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። ይህ ማለት ለሰኔና ለሐምሌ ዘር ኖራው በሚያዝያ ቀበሌ መድረስ አለበት ማለት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ የደጋው ጥርጊያ መንገድ በዝናብ ይዘጋል። ሚያዝያ እንዲደርስ ግዥው ጥርና የካቲት ላይ መጠናቀቅ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ በጀቱ ባለፈው ሐምሌ መያዝ ነበረበት። እንዲህ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሲሄዱ ሰነዱ በምን ወር ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንዳለበት ይገለጥልዎታል። በግንቦት የቀረበ ምርጥ ሐሳብ ለዚያ ዓመት የሞተ ሐሳብ ነው።

*የተጠቃሚውን ልዩነት ይለዩ።* የኖራ ጥቅም በአንድ ክረምት የሚያልቅ ሳይሆን ለጥቂት ዓመታት የሚዘልቅ ነው። የራሱን ማሳ የሚያርስ ገበሬ ይህን ጥቅም ይጠብቃል። የሌላ ሰው መሬት በእኩል፣ ማለትም ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ሊካፈል፣ የሚያርሰው ግን በመጪው ዓመት ማሳው ለሌላ ሊሰጥ እንደሚችል ስለሚያውቅ ኖራ ለመግዛትም ለመበተንም አይነሣም። ባለመሬቷ ብዙ ጊዜ የሚያርስላት የሌላት ሴት ወይም አቅሟ የደከመ አዛውንት ናት፤ እርሷም የምትከፍለው የላትም። ድጎማው ይህን ካላየ ኖራው የሚሄደው ጥማድ በሬና ጉልበት ላለው ነው። ይህን አንቀጽ ሊጽፍ የሚችለው ገጠር ገብቶ ያየ ሰው ብቻ ነው፤ እርስዎን አማካሪ የሚያሰኝዎትም እርሱ ነው።

*አማራጮቹን በእኩል ሚዛን ያቅርቡ።* ሦስት ይበቃሉ፤ አንደኛው ሁልጊዜ «አሁን ባለው አሠራር መቀጠል» ይሁን። ለእያንዳንዱ ወጪውን፣ አስፈጻሚውን፣ የሚጎዳውን ወገንና የሚነሣውን ተቃውሞ ይጻፉ። እርስዎ የማይወዱትን አማራጭ አዳክሞ ማቅረብ የብዙ ሰነዶች በሽታ ነው፤ ብልህ ኃላፊ ይህን ሲያይ ሰነዱን በሙሉ ይጠራጠራል።

*የውሳኔ ሐሳብዎን በግልጽ ይስጡ።* «ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው ትኩረት ሰጥተው ቢሠሩ» የሚል መደምደሚያ ምንም አልመከረም። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በየትኛው በጀት የሚለውን ይመልሱ፤ ውሳኔው ስሕተት ሆኖ ከተገኘ በምን ምልክት እንደሚታወቅም አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ። በኖራው ምሳሌ ምልክቱ ቀላል ነው፤ በሚያዝያ መጨረሻ በቀበሌ መጋዘን የተከማቸውና በማሳ ላይ የተበተነው መጠን እየተራራቀ ከሄደ ችግሩ ዋጋ ሳይሆን ሌላ ነው።

ሰነዱ ሲያልቅ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰለ ተቋም ውስጥ ላለ የአፈር ባለሙያና ለአንድ የቀበሌ ልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያስነብቡት። የመጀመሪያው የሳይንሱን፣ ሁለተኛው የአፈጻጸሙን ስሕተት ያርማሉ።

7. ከኃላፊ ጋር የመነጋገርን ሥርዓት ይያዙ

በእኛ አገር ኃላፊን በጉባኤ መካከል መቃወም ሐሳቡን የሚጎዳ፣ ሰውንም የሚያስቀይም ነው። ተቃውሞ ካለዎት ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው፣ በአክብሮትና በጽሑፍ ያቅርቡ። «ክቡር ሆይ፣ ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ነገር ግን ይህ ቢሆን በእነዚህ ወረዳዎች ይህ ሊገጥም ይችላል» ብሎ መጀመር ይቻላል። አክብሮቱ በአነጋገር ይሁን እንጂ ፍሬ ነገሩ መቀነስ የለበትም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የሚገባው ሰው ዝም ካለ ኋላ የሚከፍለው ሕዝቡ ነው። ኃላፊው ሌላ ከወሰኑ ደግሞ ውሳኔው በሚገባ እንዲፈጸም ይርዱ፤ የጻፉት ማስታወሻ በፋይል ውስጥ መኖሩ ይበቃል። በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ እንዲይዙ ሲታዘዙ እንደ ዝቅተኛ ሥራ አይቁጠሩት። ማን በምን ምክንያት እንደተቃወመ በትክክል የያዘ ቃለ ጉባኤ ለቀጣዩ ረቂቅ ከማንኛውም ጥናት ይልቅ ይጠቅማል።

8. ወደ ክልልና ወደ ፌዴራል ይሻገሩ

የክፍት የሥራ መደብ ማስታወቂያዎችን በአዲስ ዘመንና በበኩር ጋዜጦች እንዲሁም በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ይከታተሉ። በክልል ደረጃ የፕላንና ልማት፣ የገንዘብ፣ የግብርና እና የፍትሕ ቢሮዎች፣ በፌዴራል ደረጃ የፕላንና ልማት ሚኒስቴር፣ የገንዘብ ሚኒስቴርና የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ለዚህ ሙያ ቅርብ ናቸው። ምክር ቤቶችም አይረሱ፤ ቋሚ ኮሚቴዎች ረቂቅን የሚመረምርላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ለውድድር ሲቀርቡ ከዲግሪዎ ኮፒ ይልቅ የሚናገርልዎት የሠሩት ነው። ምስጢር ያልሆኑ ሁለት ወይም ሦስት የውሳኔ ሰነዶችን፣ ቢጋር (የአንድ ጥናት ወይም ሥራ ዓላማና ወሰን የሚገለጽበት ሰነድ) አዘጋጅተው ከሆነ ቢጋሩን ይዘው ይቅረቡ። ዩኒቨርሲቲዎችና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር በሚያዘጋጁት መድረክ ላይ የወረዳ ልምድዎን በጽሑፍ ማቅረብም ያስተዋውቃል። የቋንቋ ነገር ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው፤ አዊ ላይ የሚሠራ ሰው አገውኛ፣ ፌዴራል የሚያስብ ሰው አፋን ኦሮሞ ቢጨምር በአስተርጓሚ የማይገኝ ነገር ያገኛል።

9. ቦታውን ካገኙ በኋላ

ሀብትዎን በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት በጊዜው ያስመዝግቡ። ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ባለጉዳይ ሆኖ ሲመጣ ጉዳዩን ለሌላ ባለሙያ ያስተላልፉ፤ የምክር ዋጋው አድልዎ የለሽነቱ ነውና አንድ ጊዜ ከተጠረጠረ አይመለስም። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በዘር ወቅት አንዴ በአጨዳ፣ ወደ ወረዳ ይውረዱ፤ የሚሄዱትም በጉብኝት ሰልፍ ሳይሆን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ባለጉዳይ ሲስተናገድ ለማየት ይሁን። እያንዳንዱን ምክርዎን ከቀኑና ከመረጃ ምንጩ ጋር በፋይል ያኑሩ። ሿሚዎ ሲነሡ ወይም እርስዎ ሲዛወሩ ያልተቋጩ ጉዳዮችን በዝርዝር ጽፈው፣ የትኛው በምን ወር ውሳኔ እንደሚፈልግ ምልክት አድርገው ለተተኪዎ በፊርማ ያስረክቡ።